በአፋር በረሓ ስለሚደጋገመው የምድር መናወጥ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሀገር ሽማግሎች የቀረበ ትምህርት



ምድር በተናወጠች ጊዜ ከሰው ሁሉ አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «አለፈ ወይስ ገና ይመጣል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ሕፃን ለመምህሩ፥ መንደርተኛም ለሽማግሌው ያቀርባል። ተጠያቂው ነገሩን ባያውቅም ዝም ለማለት ስለሚያፍር ከልቡ አመንጭቶ አንድ ነገር ይናገራል። አንዱ «ትልቁ አልፎአልና ወደየቤታችሁ ግቡ» ይላል፤ ሌላው «ነገ በስድስት ሰዓት ሀገር ይጠፋል» ይላል። ሁለቱም ሳያውቁ ተናግረዋልና ሁለቱም ሰውን ይጐዳሉ፤ የፊተኛው ሰውን ከሚወድቅ ግድግዳ ሥር ያስተኛል፥ የኋለኛው ደግሞ ሕዝብን ከብቱንና እኽሉን አስጥሎ በከንቱ ያሰድዳል። እንግዲህ ይህ ትምህርት የተጻፈው ለዚያ ጥያቄ እውነተኛውን መልስ መስጠት ትችሉ ዘንድ ነው። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ስለ መናወጥ ልማድ

የምድር መናወጥ ሁለት ዐይነት ልማድ አለው። በአንደኛው ልማድ አስቀድሞ አንድ ታላቅ መናወጥ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ፥ ሎሌዎች ጌታቸውን እንደሚከተሉ፥ ከርሱ ያነሱ ብዙ መናወጦች ይከተሉታል፤ እነርሱም እያደር ቍጥራቸው እየጐደለ ይሄዳል። በእንዲህ ያለው ጊዜ «ትልቁ አልፎአል» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም።

ሁለተኛው ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ንብ ከቀፎ ወጥቶ በሰፈፈ ጊዜ አውራው የትኛው እንደ ሆነ ከሩቅ አይለይም። እንደዚሁም ሁሉ በአንዳንድ ስፍራ መናወጡ በመንጋ ይመጣል፤ በቀን አሥርም፥ ሃምሳም፥ ከዚያም የሚበልጥ ጊዜ ምድር ትንቀጠቀጣለች፤ ኀይላቸውም ተቀራራቢ ስለ ሆነ ይህ ጌታ ነው፥ ያ ሎሌ ነው ለማለት አይቻልም። ሳምንታትም፥ ወራትም ይቈያል። አንድ ሰሞን ጋብ ይልና የተወ ይመስላል፤ ደግሞ እንደ ገና ይነሣል። ታላቁ መናወጥ በመጀመሪያም፥ በመካከልም፥ በመጨረሻም ሊመጣ ይችላል። የአፋር በረሓና በዙሪያው ያለው ቈላ ይህ ሁለተኛው ልማድ ብዙ ጊዜ የሚታይበት አገር ነው።

2ኛ፤ በአፋር ስለ ምን ይበዛል

የምንረግጣት ምድር ከላይዋ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለችም። እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ በብዙ ታላላቅ ገበታዎች የተከፈለች ናት፤ ገበታዎቹም እጅግ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሳሉ። ከነዚህም ሦስቱ የሚለያዩበት መገናኛ በአፋር ነው። አንዱ የዐረብን አገር ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሶማሌንና ሐረርጌን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይርቃል፤ ሦስተኛው የኢትዮጵያን ምዕራባዊ ደጋና የቀረውን አፍሪካ ይዞ ይቀራል። በመካከላቸውም ሦስት ስንጥቆች ተከፍተዋል፤ እነርሱም የቀይ ባሕር፥ የኤደን ባሕረ ሰላጤና ከአዋሽ ጀምሮ በሐይቆች በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ ናቸው።

አገሩ እየተሳበ ሲሄድ እየሳሳ ይሰምጣል። ስለዚህ የደናክል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር የሚበልጥ ዝቅ ያለ ሆነ። አባቶቻችን በገንዘብ ፈንታ ሲገበያዩበት የነበረው አሞሌ ጨው የሚቈረጠው ከዚያ ሜዳ ነው፤ ጨውነቱም በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕር ወደዚያ ገብቶ የደረቀው ውሃ ትራፊ ነው። እንግዲህ አንድ አሞሌ በእጁ የያዘ ሰው የዚህን የምድር መከፈት ምስክር በእጁ ያዘ ማለት ነው።

የመለያየቱ ፍጥነት በሰሜን አፋር በዓመት 2 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ይህም የሰው ጥፍር ከሚያድግበት ያነሰ ነው። ነገር ግን ዐለቱ በየዓመቱ 2 ሳንቲሜትር እየተቀደደ አይሄድም። እንደ ተወጠረ ጠፍር ብዙ ዘመን ውጥረቱን ችሎ ይቈይና ሲበዛበት በአንድ ጊዜ ይለቃል።

3ኛ፤ ስለ ሽብልቁ

መናወጡ በመንጋ የሚመጣበትን ምክንያት ለተማሪዎች ለማስረዳት የእንጨት ፈላጭን ሥራ ማሳየት ይበቃል። ፈላጭ ትልቅ ግንድ ለመሰንጠቅ ሲፈልግ በጥቂቱ በተከፈተው ስንጥቅ ሽብልቅ ያስገባል። ሽብልቁ በተመታና ወደ ውስጥ በገባ ቍጥር ግንዱ ቀጭ፥ ቀጭ እያለ ይጮኻል። ጩኸቱም የሚሰማው ሽብልቁ በደረሰበት ስፍራ ነው፤ ሽብልቁ ወደ ፊት ሲሄድ ጩኸቱም አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል።

በአፋር ምድር ሽብልቁ ቅልጥ ዐለት ነው። ከጥልቅ የሚመጣው ቅልጥ ዐለት በእሳተ ገሞራ ተራሮች ሥር ይከማቻል፤ ከዚያም በተወጠረው ዐለት መካከል በስንጥቅ እየገባ፥ እንደ ቆመ ሳንቃ ቀጭን ሆኖ፥ ብዙ ኪሎሜትር ወደ ጐን ይሮጣል። ዐለቱን እየሰነጠቀ ሲያልፍ በየርምጃው አንድ መናወጥ ይሆናል። መንጋው ይህ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት የመናወጦቹን ስፍራ በካርታ ላይ እያስቀመጡ፥ ቅልጡ ዐለት በምድር ውስጥ ከወዴት ወደ ወዴት እንደ ሄደ ሳያዩት ያውቃሉ።

ነገር ግን ሽብልቁ የገባበት ሁሉ እሳት ይወጣል ማለት አይደለም። አብዛኛው ቅልጥ ዐለት በዚያው በምድር ውስጥ ቀርቶ ቀዝቅዞ ይደርቃል። ይህን ለሕዝብ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ምድር በተንቀጠቀጠች ቍጥር እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው የሚል ወሬ ሕዝብን ያሸብራልና።

4ኛ፤ በዐይን ከታዩት ጥቂቱ

በ1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፥ ደጋው ወደ አፋር ቈላ በሚወርድበት አፋፍ፥ በካራቆሬ አካባቢ መናወጡ በግንቦት ወር ጀምሮ ብዙ ወራት ቈየ። ታላቁ የሆነው ከተጀመረ በኋላ፥ ግንቦት 24 ቀን ነው። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ መንገዱም ተሰነጣጠቀ።

በ1961 ዓ.ም. መጋቢት 20 ቀን ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ በመናወጥ ጠፋች፤ 40 ያህል ሰዎችም ሞቱ። በትንሽ መንደር 40 ሰው ማለት ከየቤቱ ሬሳ ወጣ ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ግን መላው የዓለም ሊቃውንት የተደነቁበት ነገር በሰሜን አፋር በደባሁ ተራራ አጠገብ ሆነ። መናወጡ የጀመረው በመስከረም 4 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በሩቅ አገር ባሉ መሣሪያዎች እንኳ የተመዘገቡት ከመቶ በላይ ናቸው። በመስከረም 16 ቀን፥ ክርስቲያኖች ደመራ በሚያበሩበት ዕለት፥ በዳዑሬ ምድር ተከፍታ አመድና ትኩስ ድንጋይ ወረወረች። እረኞች ከነከብታቸው ሸሹ፤ ከቀያቸው የለቀቁትም በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። ሊቃውንት በሰማይ ከሚዞረው ሳተላይት በተገኘው ሥዕል በለኩት ጊዜ፥ ምድሪቱ 60 ኪሎሜትር ርዝመት ባለው መሥመር ተከፍታ ተገኘች፤ ስፋቱም በሰፊው ቦታ 8 ሜትር ይደርስ ነበር።

መምህር ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎችህ በሒሳብ አሳያቸው። 8 ሜትር 800 ሳንቲሜትር ነው፤ በዓመት 2 ሳንቲሜትር ከሆነ 800 ለ2 ሲካፈል 400 ይወጣል። እንግዲህ የ400 ዓመት ውጥረት በጥቂት ሳምንታት ተለቀቀ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው መሥመር ቅልጥ ዐለት ደግሞ 13 ጊዜ ሰርጎ ገባ፤ እያንዳንዱም የራሱን የመናወጥ መንጋ አመጣ። ከነዚህ ሁሉ ቅልጡ ዐለት በምድር ላይ የፈሰሰው በሦስቱ ብቻ ነው።

የቅርቡ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ፥ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የሆነው ነው። በመስከረም ወር ማብቂያ ጀመረ፤ ጥቂት ቈይቶ ጋብ አለ፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን በርትቶ ተነሣ። በታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት መጠኑ 5.7 ያህል የሆነ መናወጥ ደረሰ፤ በአዲስ አበባም ተሰማ። በዚያች ሌሊት እኔም ከእንቅልፌ ነቅቼ መስኮቱ ሲንኳኳ፥ መብራቱም ሲወዛወዝ አየሁ። ከጐረቤቶቼ አንዱ በጨለማ ደረጃውን ሲሮጥ ወድቆ እጁን ተሰበረ፤ ቤቱ ግን አንዲት ድንጋይ እንኳ አልወደቀበትም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው፥ እኔም ጭምር፥ «ትልቁ አለፈ» አልን። በ41ኛው ቀን፥ በየካቲት 7፥ መጠኑ 6.0 የሆነ መናወጥ መጣ፤ ኀይሉም ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ያህል ነበረ። በአዋሽ አካባቢ ቤቶች ፈረሱ፥ መንገድ ተሰነጠቀ፥ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። በዶፈን በኩል እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ወጣ እንጂ ቅልጥ ዐለት አልፈሰሰም። እኔም ከዚህ የተማርኩት፥ ምድር ዝም አለች ማለት ጨረሰች ማለት እንዳልሆነ ነው።

5ኛ፤ መናወጡ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ ስለ ማወቅ

ይህን መምህር ያለ መሣሪያ ሊሠራው ይችላል። መናወጥ ከተነሣበት ስፍራ ሁለት ዐይነት ሞገድ ይወጣል። ፈጣኑ አስቀድሞ ደርሶ አንድ ጊዜ ደንገጥ ያደርጋል፤ ዘገምተኛው በኋላ ደርሶ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። መብረቅ ታይቶ ነጐድጓዱ እንደሚዘገይ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሴኮንድ ቈጥሮ በ8 ማባዛት የርቀቱን ኪሎሜትር በግምት ይሰጣል። ለምሳሌ ከመጀመሪያው መደንገጥ እስከ ውዝወዛው 17 ሴኮንድ ቢቈጠር፥ 17 በ8 ሲባዛ 136 ነው፤ ይህም ከአዋሽ በረሓ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ያህል ነው። ሁለቱ ሞገዶች አንድ ላይ የመጡ ቢመስል ግን ስፍራው ከእግራችሁ በታች ነውና ቍጥሩን ተዉት፤ ሕፃናቱን አድኑ።

የመናወጥ መጠን በቍጥር ሲነገርም እንደ ተራ ቍጥር አይታሰብ። ቍጥሩ በአንድ በጨመረ ጊዜ የምድሪቱ ውዝወዛ 10 እጥፍ፥ የሚወጣውም ኀይል 32 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ 6 ከ5 በጥቂቱ የሚበልጥ አይምሰላችሁ።

6ኛ፤ ሊደረግ ስለሚገባው

ሰውን የሚገድለው የምድር መናወጥ ራሱ ሳይሆን ሰው የሠራው ግድግዳ ነው። አፋሮች ከተለመጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ጎጆ ቢወድቅ እንኳ የተኛውን ሰው አይገድልም፤ በጭቃ የተካበ የድንጋይ ቤት ግን በወደቀ ጊዜ መቃብር ይሆናል። ስለዚህ፤

መንጋው በተነሣበት ሰሞን የድንጋይ ቤት ያለው ሰው በሜዳ በቀላል ዳስ ይደር። አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት ጸጥ ስላለ ብቻ ወደ ተሰነጠቀ ቤት አይመለስ። ግድግዳው በሚያውቅ ሰው ይታይ፤ የመንግሥትም ትእዛዝ ይጠበቅ።

በትምህርት ቤት በሩ ዘወትር ያልተዘጋጋ ይሁን፤ በመውጫውም ላይ ዕቃ አይከመር። ከተማሪዎች ራስ በላይ ከባድ ነገር አይሰቀል። መናወጥ ሲመጣ ከበሩ አጠገብ ያሉት ወደ ሜዳ ይውጡ፤ ሩቅ ያሉት ግን ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን ይያዙ፥ ውዝወዛው እስኪቆም ድረስም አይሩጡ። በፎቅ ላይ ያለ ሰው በደረጃ አይሩጥ። ይህን ሁሉ በደኅና ቀን በየወሩ አንድ ጊዜ አለማምዱአቸው፤ በጭንቅ ቀን የሚታወሰው በደኅና ቀን የተለመደው ነውና።

ምድር በተሰነጠቀበትና እንፋሎት በሚወጣበት ስፍራ ሕፃናትና ከብት አይቅረቡ፤ አፋፉ ሊናድ፥ ሽታ የሌለውም መርዝ አየር ሊወጣ ይችላል። አመድ የዘነበ እንደ ሆነ አፍና አፍንጫ በረጠበ ጨርቅ ይሸፈን፤ የውሃ ጕድጓድና የእኽል ዕቃ ይከደን፤ ከብትም አመድ ከወደቀበት ሣር ይራቅ። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በኤርታሌ አጠገብ ያለው ሃይሊ ጉቢ በፈነዳ ጊዜ አመዱ በአፍዴራ መንደሮች ላይ ወርዶ ግጦሹን ሸፈነ፤ ቀይ ባሕርንም ተሻግሮ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ።

7ኛ፤ ስለ መጻፍ

በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመናወጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ያቆሙት አባ ፒየር ጉዌን፥ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የምድር መናወጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ይህን ማድረግ የቻሉት በዜና መዋዕልና በተጓዦች ማስታወሻ ተጽፎ የተገኘውን እየሰበሰቡ ነው። ከመሣሪያው ዘመን በፊት የሆነውን ዛሬ የምናውቀው አንድ ጸሐፊ ቀኑን ከነሰዓቱ በብራና ጠርዝ ስላሰፈረ ነው። ያልተጻፈው ግን ከሽማግሎቹ ጋር ተቀብሮአል።

እንግዲህ በየትምህርት ቤታችሁ አንድ ደብተር አኑሩ። ምድር በተናወጠች ቍጥር እነዚህን ጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን፤ ምን ያህል እንደ ቈየ፤ ማን እንደ ነቃና ማን ሳይሰማ እንደ ቀረ፤ ዕቃ ወድቆ ወይም ግድግዳ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ፤ ምንጭ ደርቆ፥ ወይም ውሃው ሞቆ ወይም ደፍርሶ እንደ ሆነ። ሽማግሎችም ከአባቶቻችሁ የሰማችሁትን ለልጆች አጽፉ። መሣሪያ በሌለበት ቀበሌ የእናንተ ደብተር መሣሪያ ነው።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። «አለፈ ወይስ ገና ይመጣል?» ለሚላችሁ እንዲህ በሉ፤ «ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ የሚላችሁን አትስሙ። ይህ መናወጥ በመንጋ የሚመጣ ነው፤ ትልቁ ካለፈው ውስጥ ይሁን ከሚመጣው አልተለየም። እስኪለይ ድረስ ከድንጋይ ግድግዳ ርቀን በሜዳ እንደር፤ ሥራችንንም አንተው።» እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው አላወቀም ተብሎ አይነቀፍም። አላውቅም ማለት ሰውን የሚያድንበት ጊዜ አለና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. በመንጋ የሚመጣ መናወጥ ከሌላው በምን ይለያል?
2. በአፋር የሚለያዩት ስንት የምድር ገበታዎች ናቸው? በመካከላቸውስ የተከፈቱት ስንጥቆች የትኞቹ ናቸው?
3. የእንጨት ፈላጭ ሽብልቅ በምድር ውስጥ ያለ ምንን ይመስላል?
4. ከመደንገጡ እስከ ውዝወዛው 5 ሴኮንድ ቢቈጠር መናወጡ ስንት ኪሎሜትር ይርቃል?
5. ከታኅሣሥ 26 እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሆነው ነገር ምን ትማራላችሁ?
6. ከቤታችሁ ሽማግሌ ጠይቃችሁ በቀያችሁ የሆነ የምድር መናወጥ ቢኖር ዘመኑን ጽፋችሁ አምጡ።